ባዝ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ምን ያህል ነው? አሠሪው ጋ እና ወላጁ ጋ

የቶተናም እናት (ጥያቄውን ያነሳች)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ውስጥ ክርክር ስለገባ ነው እዚህ የመጣሁት።

ልጄ ዘንድሮ ኤ ሌቭል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ፈተና) ትጨርሳለች። ያመለከተችው ለመካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። ከአምስቱ ምርጫዎቿ ኢምፔሪያል አልተቀበላትም። ባዝ፣ ማንችስተር፣ ሼፊልድና ኩዊን ሜሪ ኦፈር ሰጥተዋታል። እሷ ባዝ ብላ ድርቅ ብላለች። ትምህርቱ መሀል አንድ ሙሉ ዓመት ኩባንያ ገብተሽ እየተከፈለሽ ትሠሪያለሽ ተብላ ልቧ እዚያ ሄዷል።

አባቷ ደግሞ "ባዝን ማን ያውቀዋል?" ይላል። "አዲስ አበባ ደውዬ ማንችስተር ስላቸው እልል ይላሉ፣ ባዝ ስላቸው ግን የት ነው እሱ ነው የሚሉኝ" ነው ነገሩ። የዓለም ደረጃ የሚያወጡትን ድረ ገጾች ከፍቶ አሳየኝ። ማንችስተር ከመጀመሪያዎቹ 50 ውስጥ አለ፣ ባዝ ከ100 ውጭ ነው። ራስል ግሩፕ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ውስጥም የለም። በዓመት ከ9,000 ፓውንድ በላይ ተበድረን ስም የሌለው ቦታ እንልካታለን ወይ ብሎ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል። በዚያ ላይ መኖሪያ አለ። ኩዊን ሜሪ ብትገባ ከቤት ትመላለስ ነበር።

እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አሠሪዎች የምር የዩኒቨርሲቲውን ስም ያያሉ? እዚህ አገር ሰው የቀጠራችሁ ወይም የተቀጠራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።


ሸገር በሌስተር

እህቴ፣ ማንችስተርን አገር ሁሉ የሚያውቀው በዩኒቨርሲቲው መሰለሽ? በኳስ ነው እኮ! በዚህ ሂሳብ አርሰናል ዩኒቨርሲቲ ቢከፍት ወረፋው ቦሌ ይደርስ ነበር። በይ እኔ ቁም ነገር የለኝም፣ የሚያውቁት ይምጡ።


ሲቪ አንባቢው

ቁም ነገሩን እኔ ልሞክር። የምሠራው አንድ የምሕንድስና አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነው። በየዓመቱ አዲስ ተመራቂ ስንቀጥር ከሚጠይቁት ሰዎች አንዱ ነኝ።

መጀመሪያ ባለቤትሽ ስለያዘው ዝርዝር። የዓለም ደረጃ የሚያወጡት ድርጅቶች ትልቁን ነጥብ የሚሰጡት ለምርምርና ምሁራን እርስ በርስ ለሚሰጣጡት ስም ነው። ግዙፍ የሆነ፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው፣ በየቀኑ የምርምር ጽሑፍ የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ ከፍ ይላል። ባዝ መካከለኛ ነው፣ ሕክምና ትምህርት ቤትም የለውም። ስለዚህ እዚያ ዝርዝር ላይ ዝቅ ይላል። የእንግሊዝን ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የሚያወዳድሩትን፣ ለምሳሌ የጋርዲያን ጋዜጣን ዝርዝር ክፈቱ። እዚያ የሚታየው የማስተማሩ ነገር፣ የተማሪው እርካታ፣ ከተመረቀ በኋላ የደረሰበት ቦታ ነው። ባዝ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ነው። ሁለቱም ዝርዝሮች አልዋሹም። የሚለኩት ሌላ ሌላ ነገር ነው። ልጅሽ የመጀመሪያ ዲግሪ ልትማር ነው እንጂ ላቦራቶሪ ልትከፍት አይደለም።

ራስል ግሩፕ ደግሞ የጥራት ማኅተም አይደለም። በ1994 ዓ.ም. በፈረንጆች፣ ትልልቆቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ከመንግሥት ጋር ስለ ገንዘብ ለመነጋገር ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ስሙም ለንደን ራስል ስኩዌር ካለው፣ ይሰበሰቡበት ከነበረው ሆቴል የመጣ ነው። ዛሬ አባላቱ 24 ናቸው። ደርሃም፣ ዮርክ፣ ኤክሰተርና ኩዊን ሜሪ የገቡት በ2012 ነው። ደርሃም በ2011 መጥፎ ነበር፣ በ2012 ጥሩ ሆነ ልንል ነው? ልዑል ዊሊያም የተማረበት ሴንት አንድሩስ እስከ ዛሬ አባል አይደለም። ስሙን ግን የሚጠራጠር የለም።

አሁን ወደ ቅጥር። ትልልቆቹ ድርጅቶች ከ2015 ወዲህ ተቀይረዋል። ዴሎይት በዚያ ዓመት የአመልካቹ ዩኒቨርሲቲ ለጠያቂዎቹ እንዳይታይ አደረገ። ኧርነስት ኤንድ ያንግም የዲግሪ ደረጃን እንደ መግቢያ መስፈርት ማየት አቆመ። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። እኛ ጋ ግን ማመልከቻው በኦንላይን ፈተና ያልፋል፣ ከዚያ የቡድን ሥራና ቃለ መጠይቅ አለ። ልጁ ፊቴ እስኪቀመጥ የት እንደተማረ የማላውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

በምሕንድስና ከስም በፊት የሚታየው ዕውቅናው ነው። ዲግሪው በመካኒካል መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት የታወቀ መሆን አለበት። ደግሞ የአራት ዓመቱን ማስተርስ ያለበትን ብትይዝ ይሻላል። ወደፊት ቻርተርድ ኢንጂነር (ሙሉ የሙያ ማዕረግ ያለው መሐንዲስ) ለመሆን የትምህርቱን መስፈርት በሙሉ ያሟላል። የሦስት ዓመቱ ቢኢንጅ (የመጀመሪያ ዲግሪው) ለብቻው ሲሆን ተጨማሪ ትምህርት ይጠየቃል። ኦፈሯ የቱ እንደሆነ አረጋግጪ።

ከዚያ ያቺ የሥራ ዓመት። ይቺን በደንብ ልንገርሽ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁልጊዜ "የሠራኸው ነገር አልገጥም ያለበትን ጊዜ ንገረኝ" ብዬ እጠይቃለሁ። ሥራ ያልቀመሰ ልጅ ስለ ቡድን ሥራው ያወራል። "አንዱ አባል ስብሰባ አይመጣም ነበር" ይላል። ሁሉም ቡድን ውስጥ ያ የማይመጣ ልጅ አለ፣ ሰልችቶኛል። ፋብሪካ አንድ ዓመት የቆየችው ግን እንዲህ አለችኝ፦ "መያዣ ብረቱ ላይ ቀዳዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሄዷል። ሥዕሉ ትክክል ነው፣ አቅራቢው የድሮውን ሥዕል ይዞ ነው የሠራው። 200 ፍሬ መጥቷል። ይመለስ ብንል ሦስት ሳምንት፣ እዚሁ ሰፋ አድርገን ብንበሳው ደግሞ የጥንካሬ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።" ከዚያ ማንን እንዳስፈቀደች፣ ማን እንደተቆጣት ነገረችኝ። ይህን የሚያወራ ሰው የት ተማርሽ ተብሎ አይጠየቅም።

ባዝ ይህን የሥራ ዓመት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል። መሐንዲስ ለሚቀጥር ሰው ባዝ ብትይው "ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል። አያብራራም፣ አይጠይቅሽም። ስም ማለት እኛ መንደር ይኸው ነው።


የቶተናም እናት

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ይሄ ሰውዬ ራሱ ባዝ የተማረ ነው፣ ለቤቱ ያደላል" አለኝ።


ሲቪ አንባቢው

ሳልፎርድ ነው የተማርኩት በይልኝ። ከማንችስተር በእግር የሚደረስ ነው።


ጋሽ ብሉይ

ልጆቼ፣ "ባዝን ማን ያውቀዋል" ሲባል ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባዝን ያላወቀ ሐበሻ የታሪክ ክፍለ ጊዜ የዘለለ ነው። ጃንሆይ በስደቱ ዘመን ከ1936 እስከ 1940 በፈረንጅ አቆጣጠር የኖሩት እኮ ባዝ ነው። ፌርፊልድ ሐውስ የሚባለውን ቤት ገዝተው ከነቤተሰባቸው ተቀመጡበት። በ1958 ደግሞ ለከተማው ሰጡት፣ የአረጋውያን መጠጊያ እንዲሆን። ቤቱ ዛሬም ቆሞ አለ። ባለቤትሽ ስልኩን አንስቶ አዲስ አበባ ያሉ እናቱን "ባዝ የት ነው?" ይበላቸው እስቲ። ሳይሳሳቱ ይነግሩታል።

ዩኒቨርሲቲው ግን ያኔ አልነበረም። ቻርተር ያገኘው በ1966 ነው። ከዚያ በፊት ብሪስቶል የነበረ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ነው። ስለዚህ በእኔ ዘመን የነበረ ሰው አያውቀውም፣ አይፈረድበትም። እኛ ከአገር ስንወጣ የምናውቃቸው የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አራት ቢሆኑ ነው። ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ፣ ለንደን፣ ኤድንብራ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅን ያወቅናቸው ከቤተ መንግሥት ነው። ካምብሪጅ በ1924 ለራስ ተፈሪ የክብር ዶክትሬት ሰጠ፣ ኦክስፎርድ ደግሞ በ1954 ለንጉሠ ነገሥቱ። ለንደንን ያወቅነው በሶአስ፣ የምሥራቁንና የአፍሪካን ጥናት በሚያስተምረው ክፍሉ ነው፣ ፕሮፌሰር ኡለንዶርፍ የኢትዮጵያን ጥናት ያስተምሩበት ስለነበር። የቀረው ሁሉ ለኛ "እንግሊዝ አገር" ነበር።

ሌላም ነገር ልጨምር። እስከ 1992 ፖሊቴክኒክ የሚባሉ ነበሩ። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ያኔ እዚህ የነበርን ሰዎች እስከ ዛሬ "እሱ ፖሊ ነው" እያልን የምንንቃቸው አሉ። ከመካከላቸው ዛሬ ደህና አድርገው የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። የወላጅ ጆሮ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ነው። የኔንም ጨምሮ።


የቶተናም እናት

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። አማቴ ጋ ተደወለ። "ጃንሆይ የነበሩበት?" ብለው ቀድመው ተናገሩ። አባቷ ስልኩን ዘግቶ ሻይ ሊያፈላ ሄደ።


ወይራ

እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ይቅርታ፣ ግን ሰዉ እየተመቸው ነው እንጂ ስም አይታይም ማለት ለኛ ልጆች አደገኛ ምክር ነው።

የምሠራው ሲቲ በሚባለው የለንደን የባንኮች ሰፈር ውስጥ፣ ፋይናንስ ነው። የኢንቨስትመንት ባንክ ተመራቂ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚሄድባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ፣ ኤልኤስኢ፣ ኢምፔሪያል፣ ዩሲኤል፣ ዎርዊክ። ይህን የጻፈው ሕግ የለም፣ ግን ማንም ያውቀዋል። ዝግጅት የሚያደርጉት፣ ምሳ የሚጋብዙት፣ በመጀመሪያ ዓመት ለአንድ ሳምንት ልጆቹን ቢሮ የሚያስገቡት እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ያለ ልጅ አይገባም አይደለም። ግን በሩን ራሱ ፈልጎ ማንኳኳት አለበት።

ይህ አገር ምን ዓይነት አገር እንደሆነ አትርሱ። ከሕዝቡ 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የግል ትምህርት ቤት የሚማረው። በ2019 ሰተን ትረስት የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ባወጣው ጥናት ግን ከከፍተኛ ዳኞች 65 በመቶው ከዚያ የመጡ ናቸው። 71 በመቶው ኦክስፎርድ ወይም ካምብሪጅ የተማሩ ናቸው። የነሱ ልጅ ባዝ ቢማር፣ ምንም ባይማርም፣ ስልክ የሚደውልለት አጎት አለው። የኛ ልጅ አጎት ኡበር ይነዳል። እኔም አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነበር፣ በዚህ አላፍርም። ግን የኛ ልጅ ሲቪው ላይ ያለው ስም ነው አጎቱ።

ለምሕንድስና ባዝ ጥሩ ነው፣ አልክድም። የኛም ቢሮ ለአንድ ዓመት ከሚመጡት መካከል የባዝ ልጆች አይጠፉም። ግን የ18 ዓመት ልጅ ነች። በ21 ዓመቷ ምሕንድስና ሰለቸኝ፣ ባንክ ልግባ ብትልስ? ያኔ ማንችስተር ይሻላል ወይ ካላችሁኝ ግን... እውነቱን ለመናገር ማንችስተርም ከዘረዘርኳቸው ውስጥ የለም።


ሸገር በሌስተር

ስለዚህ ረጅም ንግግር አድርገህ ለባዝ ድምፅ ሰጠህ ማለት ነው?


ወይራ

ለኢምፔሪያል ነው የሰጠሁት። አልተቀበላትም እንጂ።


ሦስተኛ ዓመት

ሰላም እናታችን። እኔ አሁን ባዝ ነኝ፣ በትክክል ለመናገር በሥራው ዓመት ላይ ነኝ። መካኒካል ነው የምማረው። የሚነገርዎትንና የማይነገርዎትን ልንገርዎት።

የሥራው ዓመት እንደ ካፌ ሜኑ ተዘርግቶ አይመጣም። ራስዎ ነዎት የሚያመለክቱት። ዩኒቨርሲቲው ክፍል አለው፣ ሲቪ ያያል፣ ቃለ መጠይቅ ያለማምዳል፣ የድርጅቶቹን ማስታወቂያ ያመጣል። ግን የሁለተኛ ዓመት መኸር ሙሉ ማመልከቻ ላይ ማመልከቻ ነው። ሳያገኝ ቀርቶ ወደ ተለመደው ኮርስ የሚመለስ ልጅ አለ። አካባቢው ግን ይረዳል። ኤርባስ ፊልተን አለ፣ ሮልስ ሮይስ ብሪስቶል አለ፣ ዳይሰን ማልምስበሪ አለ። ሁሉም ቅርብ ናቸው። እኔ ያለሁበትን ስም አልጠራም። ደመወዜ ግን ኪራዬን ችሎ ይተርፋል።

በዚያ ዓመት ለዩኒቨርሲቲው የሚከፈለው የክፍያው ከፊል ብቻ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ቢበዛ የመደበኛውን 20 በመቶ ነው። በ2025/26 ጣሪያው 1,905 ፓውንድ ነበር። ይህን አባቷ ይስሙት።

አሁን መጥፎውን። ካምፓሱ ክላቨርተን ዳውን የሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ሕንፃው ሲሚንቶ ነው፣ ከተማው ውስጥ ያለውን የማር ቀለም ድንጋይ አይጠብቁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከተማ ነው የሚከራየው፣ ቤት ውድ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ዩ1 አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ አንዳንዴ ሳያቆም ያልፍዎታል። ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው። ብሪስቶል በባቡር ሩብ ሰዓት ስለሆነ እንጀራ የምንገዛው እዚያ ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ አሠሪ ጋ አንድም ቀን ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። ችግሩ ዘመድ ጋ ነው። ባዝ ስፓ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ አለ። ባቡር ጣቢያውም ስሙ ባዝ ስፓ ነው። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ለሰው ሁሉ ባዝ ስፓ ነው የገባው ብላ ተናገረች። ከዚያ አንዲት ሴትዮ መጥታ "ማሳጅ ነው የምትማረው?" አለችኝ።


ሸገር በሌስተር

በሳቅ ሞትኩ። ደግሞ ባዝ አይታወቅም አትበሉ። በ2017 የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ደመወዝ 468,000 ፓውንድ ነው ተብሎ ጋዜጣው ሁሉ ሲጮህ አልሰማችሁም? ሴትየዋ በዚሁ ጣጣ ነው ሥልጣን የለቀቁት። ስም ከፈለጋችሁ ያኔ ነበር ስሙ!


የበርሚንግሃሟ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሁላችሁም ስለ ስም ስታወሩ ብድሩን ማንም አላነሳውም። ለኛ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነበር።

ከ2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ብድሩን የሚከፍለው ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካገኘው ላይ 9 በመቶ ነው። ያልተከፈለው የሚሰረዘው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ወለድ አለው። ለሙስሊም ቤተሰብ ወለድ ራሱ ጉዳይ ነው። በ2017 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ለኛ የሚሆን አማራጭ እንዲቀርብ ተፈቅዶ ነበር። ሕጉ ወጣ፣ አማራጩ እስካሁን አልመጣም። ልጆቻችን ተወለዱ፣ አደጉ፣ እየጠበቅን ነው።

የኔ ልጅ ያገኘው መንገድ ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ነው። ድርጅት ቀጥሮ ደመወዝ ይከፍለዋል፣ ትምህርቱን ከሥራ ጋር ይማራል፣ የትምህርት ክፍያውን ተማሪው አይነካውም። ብድር የለም፣ ወለድ የለም። ሲጨርስ ዲግሪ ነው የሚይዘው። መግባቱ ግን ቀላል አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ፉክክሩ የጠነከረበት ቦታ አለ።

ስሙ እንዴት ነበር በሉኛ! ሠርግ ቤት ሄድን። አንዱ ጓደኛው የባሌን ትከሻ ነካ አድርጎ "ልጅህ የት ገባ?" አለው። ባሌ የኩባንያውን ስም ነገረው። ሰውየው ፊቱ ወደቀ። "አይ፣ ትንሽ ቆይቶ ዩኒቨርሲቲ ይገባ ይሆናል፣ አላህ ያግዘው" ብሎ አጽናናው። እንደታመመ ሰው ነው ያጽናናው። ባሌ ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ። ያ ሰው የራሱ ልጅ ባለ ስም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ተመርቆ፣ ዛሬ ለልጄ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ እያስገባ ነው። በክፋት አይደለም የማወራው። አላህ ያሳካለት።

እህቴ፣ ባዝ አጠገብ ማልምስበሪ ዳይሰን የራሱን የምሕንድስና ትምህርት ቤት በ2017 ከፍቷል። ክፍያ የለውም፣ ደመወዝ አለው። ለዘንድሮ ባይደርስላችሁም ታናናሾች ካሏት ያዢው።


የቶተናም እናት

ታናሽ ወንድም አላት፣ ጻፍኩት። ግን ዲግሪው እኩል ነው? ወረቀቱ ላይ አፕረንቲስ ይላል?


የበርሚንግሃሟ

እኩል ነው። የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው ያለበት። የኔ ባል ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቅሎታል፣ ያ ጓደኛው ሲመጣ ከሶፋው ፊት ለፊት እንዲያየው።


ቦሌ ሚካኤል

ከአዲስ አበባ ነው። የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። "አዲስ አበባ ምን ይላሉ" ስለተባለ የአዲስ አበባን ልንገራችሁ።

እኛ ጋ "ዩኬ" የሚለው ብዙውን ሥራ ጨርሶታል። አለቃዬ ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ፣ ኤልኤስኢ፣ ሶአስ ካየ ቀና ይላል። ልማት ጥናት ከሆነ ሰሴክስንም ያውቃል፣ ምክንያቱም ዘርፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከዚያ የተመለሰ ጓደኛ አለው። ለቀሩት እኩል ነው የሚያየው። በሥራ ላይ የሚጠየቀው ወረቀት ሌላ ነው። የውጭ አገር ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ማስረጃ አምጣ ይባላል። መንግሥት ቤት ያለሱ አይንቀሳቀስም። የእንግሊዝ ማስተርስ አንድ ዓመት ብቻ መሆኑ የሚያስጨንቃቸው ኃላፊዎች አሉ። "በአንድ ዓመት ምን ተምሮ ነው?" ይላሉ። ቼቭኒንግ በሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ተምረው የተመለሱ ልጆች ይህን ሲያብራሩ ነው የሚኖሩት።

ስም ስትሉ ደግሞ፣ አቶ መለስ ዜናዊ አንዱን ማስተርሳቸውን በ1995 ያገኙት ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። በርቀት። በፖለቲካቸው ይስማማ የማይስማማ ሰው አለ፣ ሞልቷል። ዲግሪዎ ከየት ነው ብሎ ያፋጠጣቸው ግን አልሰማሁም።

ወንድማችን ለአዲስ አበባ ዘመድ ብሎ ልጁን ማንችስተር እንዳይልክ። እኛ በሁለት ሳምንት እንረሳዋለን። ልጅቷ ናት አራት አምስት ዓመት የምትኖርበት።


ዱባይ ላይ

ባሕረ ሰላጤው ወደፊት ካለ አንድ ነገር። እዚህ የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻውን አይሠራም። የእንግሊዝ ዲግሪ በመጀመሪያ በእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በኤምሬትስ ኤምባሲ። ኦሪጅናሉን እንዳትጥል ንገሯት።


ወይራ

ወደ ነጥቤ ልመለስ። ሰዉ ስሜት ይዞት ሄደ። ስም ደመወዝ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም? እሱን መልሱ።


ሲቪ አንባቢው

ይመለሳል። መንግሥት የተመራቂዎችን የትምህርት መዝገብ ከግብር መዝገብ ጋር አገናኝቶ ያያል። የፊስካል ጥናት ተቋም በዚያ ላይ ሠርቶ ውጤቱን አውጥቷል። በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት በጥሬው ሲታይ ሰፊ ነው። ልጆቹ ሲገቡ የነበራቸው ውጤትና የመጡበት ቤት ግምት ውስጥ ሲገባ ግን ብዙው ይቀንሳል። ጥሩ ስም ያለው ቦታ ጥሩ ውጤት ያለውን ልጅ መርጦ ስለሚያስገባ ነው። ከዚያ የሚቀረውን ልዩነት በአብዛኛው የምታየው በትምህርቱ ዓይነት ነው። ሕክምናና ኢኮኖሚክስ ከላይ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርቶች ከታች።

እናትየዋ ዲስከቨር ዩኒ የሚለውን የመንግሥት ድረ ገጽ ከፍታ የባዝና የማንችስተርን መካኒካል ጎን ለጎን ታስቀምጣቸው። የተመራቂው ደመወዝ እዚያ ላይ አለ። ከአጎት ልጅ ወሬ ይሻላል።


ወይራ

"ብዙው ይቀንሳል" አልክ እንጂ ይጠፋል አላልክም። እኔ የማወራው ስለዚያች ስለምትቀረው ነው። አማካይ ቁጥር ስለ አንድ ሐበሻ ልጅ አይነግረኝም።


ሲቪ አንባቢው

እሺ፣ እሷን እሰጥሃለሁ። ሕግና ባንክ ላይ ትልቅ ናት። ምሕንድስና ላይ ትንሽ ናት።


የቶተናም እናት

ይቅርታ ጠፋሁ። ኦፈር የተሰጣቸውን ልጆች የሚቀበሉበት ቀን ስለነበር ሦስታችንም ባዝ ሄደን መጣን። ከፓዲንግተን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

አባቷ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ካምፓሱን ሲያይ "ሲሚንቶ ነው" አለ፣ ልክ ያ ተማሪ እንዳለው። ከዚያ ወርክሾፕ አስገቡን። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚሠሯት የውድድር መኪና አለች፣ ቲም ባዝ ሬሲንግ ነው የሚባሉት። አገሩ እያለ ጋራዥ የሠራ ሰው ነው፣ እዚህም ከመኪና አልወጣም። ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ጀመረ። አንዲት ልጅ እጇ ግራሶ በግራሶ ሆኖ መጥታ ስለ ሰስፔንሽኑ አስረዳችው። እሱ ጠየቀ፣ እሷ መለሰች፣ እሱ "እንዲህ ብታደርጉትስ?" አለ፣ እሷ ወረቀት አውጥታ ጻፈችው። አስጎብኚው ቡድኑን ይዞ ሄዷል፣ እኛ እዚያው ቆመናል። ልጄ በኀፍረት ኮፍያዋን አጠለቀች።

ባቡር ላይ "ደህና ትምህርት ቤት ነው" አለ። ማንችስተርን ግን አልጣለውም። በ2010 የኖቤል ሽልማት ያመጣ ግራፊን የሚባል ነገር እዚያ ነው የተገኘው እያለ አሁንም ያነብልኛል። እንግዲህ በስምምነት ባዝን "ፈርም" (የመጀመሪያ ምርጫ)፣ ማንችስተርን "ኢንሹራንስ" (መጠባበቂያ) ልናደርግ ነው። ሁለቱም የጠየቋት አንድ ነው፣ አንድ ኤ ስታርና ሁለት ኤ።


ሦስተኛ ዓመት

እናታችን፣ እንዳያደርጉት! ኢንሹራንስ ከፈርሙ ዝቅ ያለ ውጤት የሚጠይቅ መሆን አለበት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከጠየቁ፣ ነሐሴ ላይ አንዷ ኤ ብትጎድል ከሁለቱም ልትወድቅ ትችላለች። ከዚያ ክሊሪንግ ውስጥ ገብታ፣ ማለትም የተረፈ ቦታ ፍለጋ፣ ስልክ ስትደውል ነው የምትውለው። ሼፊልድ ስንት ጠየቃት?


የቶተናም እናት

ሦስት ኤ።


ሲቪ አንባቢው

እንግዲያው ኢንሹራንሱ ሼፊልድ ነው። ባለቤትሽ እንዳይከፋው፣ ሼፊልድ በ2001 ከቦይንግ ጋር የከፈተው የማምረቻ ምርምር ማዕከል አለው፣ እኛ መንደር ስሙ ትልቅ ነው። ራስል ግሩፕም ውስጥ አለ። ደግሞ እሱም የሥራ ዓመት ያለበት ኮርስ እንዳለው ጠይቁ። ዩካስ (ያመለከተችበት ድረ ገጽ) ላይ ገብታ እስካሁን መልስ ካልሰጠች ጊዜ አላችሁ፣ የመልሱ ቀን ግን የሚታያት በራሷ ገጽ ላይ ነው። ዛሬ ማታ ታየው።


የቶተናም እናት

አሁን ከፈተችው። አባቷ ከጀርባዋ ቆሞ ስለ ቦይንግ እየጠየቀኝ ነው።